አምሮት ከረሃብ በምን ይለያል? ምግብ ሲያምረን በውስጣችን የሚካሄደው ሂደት

አማርኛ «ራበኝ» እና «አማረኝ» የሚሉትን ሁለት ግሶች ለያይቶ መያዙ ለጉዳያችን ጥሩ መነሻ ይሆናል። «ራበኝ» ያለ ሰው ንግግሩን እዚያው ሊያቆመው ይችላል፤ የሚፈልገው የሚበላ ነገር ነውና የተገኘው ሁሉ ያስታግሰዋል። «አማረኝ» ያለ ሰው ግን «ምን?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የሚያምረው ሁልጊዜ አንድ የታወቀ፣ ስምና ጣዕም ያለው ነገር ነው። ከዚህም አልፎ «ቸኮሌት አማረኝ» ስንል የድርጊቱ ባለቤት ቸኮሌቱ ሲሆን እኛ ድርጊቱ የሚደርስብን ነን። ሰዋስው ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም የሥነ ልቦናና የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች ስለ አምሮት የደረሱበት ነገር ከዚህ አነጋገር ብዙ አይርቅም። አምሮት በአመዛኙ ከሆድ ባዶነት የሚመነጭ አይደለም፤ ከውጭ ወይም ከውስጥ በመጣ ምልክት ይቀሰቀሳል፣ በትውስታና በምናብ ይጎለብታል፣ ደግሞም በልምምድ የተገኘ ነው።

ረሃብ በአንጻሩ ሰውነት የኃይል ሒሳቡን የሚያስተካክልበት ሥርዓት ነው። ሆድ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ጨጓራ ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ሆርሞኑም ሃይፖታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ደርሶ የመብላት ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። ይህን ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ናቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲንን አግኝተው ነበር፤ እርሱም ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭና የተከማቸው ኃይል በቂ መሆኑን ለአንጎል የሚያስታውቅ ሆርሞን ነው። ይህ ሥርዓት ረሃብን በደንብ ያስረዳል፤ ጠግቦ ከማዕድ የተነሣ ሰው ጣፋጭ ነገር ሲያይ እንደገና የሚጎመጅበትን ምክንያት ግን ብቻውን አያስረዳም። ለዚህኛው አንዱ ምክንያት ጥጋብ በከፊል ከጣዕም ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። አንድን ምግብ እየበላን በሄድን ቁጥር የዚያው ምግብ ደስታ ይቀንሳል፣ ገና ያልቀመስነው ጣዕም ግን ማራኪነቱን እንደያዘ ይጠብቀናል።

«ሰውነቴ የጎደለው ነገር ቢኖር ነው»

ብዙ ሰዎች አምሮትን ሰውነት የጎደለውን ንጥረ ነገር የሚጠይቅበት ቋንቋ አድርገው ይረዱታል። ቸኮሌት ያማረው ማግኒዥየም፣ ሥጋ ያማረው ደግሞ ብረት አንሶት ነው ይባላል። ሐሳቡ ደስ የሚል ነው፤ አምሮትን ከጥፋተኝነት ነፃ አውጥቶ ጥበብ ያደርገዋልና። እውነትነትም ሙሉ በሙሉ አይጎድለውም። እ.ኤ.አ. በ1940 ሎሰን ዊልኪንስና ከርት ሪክተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሦስት ዓመት ተኩል ስለሆነው አንድ ሕፃን ጽፈው ነበር። ሕፃኑ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎቹ ሥራቸውን መሥራት ስላልቻሉ ሰውነቱ ጨው መያዝ ተስኖት ነበርና በቤቱ ጨውን በብዛት እየበላ ቆይቷል፤ ሆስፒታል ገብቶ እንደ ማንኛውም ልጅ የተለመደው ምግብ ብቻ ሲሰጠው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ያ አምሮት በእርግጥ በሕይወት ያቆየው ነበር። በብረት እጥረት የደም ማነስ ከያዛቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በረዶ ማኘክ አብዝተው እንደሚያምራቸውም በሕክምናው ዓለም በደንብ ይታወቃል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ በረዶ ብረት የለውም። እጥረት ባለበት ጊዜ እንኳን የሚያምረው ነገር እጥረቱን የሚሞላው ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ከእነዚህ ውጪ ያለው የዕለት ተዕለት አምሮት በእጥረት ሲመዘን አያስኬድም። ማግኒዥየም የፈለገ ሰውነት ቢሆን ኖሮ ከቸኮሌት ይልቅ የዱባ ፍሬ ወይም ለውዝ ያምረን ነበር፤ ሌሊት ተነሥቶ የዱባ ፍሬ ፍለጋ ጓዳ የሚያምስ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩን በሙከራ የፈተኑት ዊላ ሚችነርና ፖል ሮዚን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ቸኮሌት የሚያምራቸው ሰዎች አምሮቱ በመጣባቸው ጊዜ አንዴ እውነተኛ ቸኮሌት፣ አንዴ ነጭ ቸኮሌት፣ አንዴ የካካዎ ዱቄት የተሞላበት እንክብል፣ አንዴ ደግሞ ምንም የሌለበት እንክብል እንዲወስዱ አደረጉ። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ስብ እንጂ የካካዎ ዱቄት የለውም፤ በአንጎል ላይ ይሠራሉ የሚባሉት የቸኮሌት ንጥረ ነገሮች ያሉት ደግሞ በዱቄቱ ውስጥ ነው። እንግዲህ አምሮቱ የንጥረ ነገር ጥያቄ ቢሆን እንክብሉ ሊያስታግሰው በተገባ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቸኮሌቱ አምሮቱን አበረደ፣ ነጩ በከፊል ረዳ፣ እንክብሎቹ ምንም አልፈየዱም። ሰዎቹን ያማራቸው በአፍ ውስጥ የሚቀልጠው ነገር ጣዕም፣ ሽታና ልስላሴ ነበር።

መፈለግና መውደድ ሁለት ነገሮች ናቸው

ታዲያ ይህ ፍላጎት ከየት ይመጣል? መልሱ በአመዛኙ ከተሞክሮ ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ሲሆን፣ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ውሾቹ ምግብ አፋቸው ሳይደርስ፣ ገና ከምግቡ ቀድሞ የሚመጣውን ምልክት ሲያውቁ ምራቃቸው እንደሚፈስ አስተዋለ። የእኛም ሰውነት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድን ምግብ በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ዓይነት ስሜት ጋር ደጋግመን ስንበላው ሰዓቱ፣ ወንበሩና ስሜቱ ራሳቸው የምግቡ መልእክተኞች ይሆናሉ። ከሥራ በኋላ ቴሌቪዥን ከፍቶ ሲቀመጥ የሚጣፍጥ ነገር የሚያምረው ሰው፣ አምሮቱን የቀሰቀሰው ሆዱ ሳይሆን የተቀመጠበት ወንበር ሊሆን ይችላል።

በአንጎል ውስጥ ይህን ትምህርት የሚያካሂደው በዋነኛነት ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ነው። ዶፓሚን በመገናኛ ብዙኃን «የደስታ ሆርሞን» እየተባለ ይጠራል፤ አጠራሩ ግን አሳሳች ነው። ቮልፍራም ሹልትስ በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች የጭማቂ ጠብታ ሳይጠበቅ ሲሰጥ የዶፓሚን ሕዋሳት እንደሚነቃቁ አሳየ። ከጭማቂው በፊት አንድ ምልክት እንደሚመጣ ዝንጀሮዎቹ ሲለምዱ ግን መነቃቃቱ ከጭማቂው ወደ ምልክቱ ተሻገረ፤ ምልክቱ መጥቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ የሕዋሳቱ እንቅስቃሴ ከወትሮው በታች ወረደ። ምልክቱን አይቶ የሚመጣው ያ የመጓጓት ስሜት፣ ሳይፈጸም ሲቀር የሚሰማው ቅሬታም ጭምር፣ አምሮት ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ዓይን የሚገልጠው፣ ለእኔም የጉዳዩ ቁልፍ የሚመስለኝ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኬንት ቤሪጅ ሥራ ነው። ቤሪጅና ባልደረቦቹ ዶፓሚናቸው በኬሚካል የጠፋባቸውን አይጦች ሲመለከቱ፣ እንስሳቱ ምግብ ፊታቸው ቢቀመጥም እንደማይነኩት አዩ፤ ጣፋጭ ፈሳሽ አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው ግን እንደ ጤነኞቹ አይጦች ከንፈራቸውን ይልሱ ነበር። ጣዕሙን መውደዳቸው አልጠፋም፤ የጠፋው መፈለጋቸው ነው። እንግዲህ መፈለግና መውደድ በአንጎል ውስጥ የተለያዩ መንገዶች አሏቸው፤ አንዱ ሳይጨምር ሌላው ሊጨምር ይችላል። አምሮት በመፈለግ በኩል ያለው ኃይል ነው። ስለዚህም ቀኑን ሙሉ ያስጨነቀን ምግብ በመጨረሻ ሲበላ የመጀመሪያው ጉርሻ ካለፈ በኋላ «ለዚህ ነበር እንዴ?» የሚያሰኘን ጊዜ አለ፤ የአምሮቱ ብርታት የደስታውን መጠን አይተነብይም።

ምስሉ ሲጎላ

ምልክት ሁሉ ወደ ጠንካራ አምሮት አያድግም። በቀን ውስጥ ስለ ምግብ የሚመጡ ብዙ ሐሳቦች ሳናስተውላቸው ያልፋሉ። ዴቪድ ካቫና፣ ጃኪ አንድራዴና ጆን ሜይ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ልዩነቱን የሚያመጣው ምናብ ነው። ሐሳቡ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል፤ እኛ ደግሞ ይዘነው ምስል እንሠራለታለን፣ መልኩን፣ ሽታውን፣ በምላስ ላይ የሚሰጠውን ስሜት እንጨምርበታለን። ምስሉ ለጊዜው ያስደስታል፤ ወዲያው ግን ነገሩ በእጃችን አለመኖሩን ስለሚያስታውሰን ጉጉቱን ያባብሰዋል፣ ጉጉቱም መልሶ ምስሉን ያደምቀዋል።

ይህ አመለካከት ተግባራዊ ትርጉም አለው። በአንጎላችን ውስጥ ምስል የሚሣልበት ቦታ ጠባብ ነው፤ በሌላ ምስል ከተያዘ የምግቡ ምስል ይደበዝዛል። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ሲፈትሹ፣ ቴትሪስ የተባለውን ቅርጾችን የመደርደር የኮምፒውተር ጨዋታ ለ3 ደቂቃ ብቻ የተጫወቱ ሰዎች ከጨዋታው በፊት የነበራቸው አምሮት በረድ ብሎላቸው ተገኘ። ጨዋታው ራሱ ተአምር የለውም፤ ዓይነ ኅሊናን የሚይዝ ማንኛውም ነገር ተመሳሳይ ሥራ ሊሠራ ይችላል። የሚያውቁትን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ በሐሳብ መጓዝ፣ የአንድን ክፍል ዕቃዎች አንድ በአንድ ማስታወስ ወይም ሥዕል መሣል ከዚሁ ይቆጠራሉ። በቃላት ብቻ ከራስ ጋር መከራከር ግን ምስሉን ስለማይነካው ያን ያህል ላይረዳ ይችላል።

የሚገርመው፣ ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ሌላ ግኝት መኖሩ ነው። ኬሪ ሞርዌጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 30 ትናንሽ የቸኮሌት ከረሜላዎችን አንድ በአንድ እየበሉ እንደሆነ በሐሳባቸው የሣሉ ሰዎች፣ ሦስት ብቻ ከሣሉት ይልቅ በኋላ የቀረበላቸውን ከረሜላ አሳንሰው በሉ። ውጤቱ የተገኘው መብላቱን ራሱን፣ ማኘክና መዋጥ ሳይቀር፣ በሐሳባቸው በሣሉት ላይ ብቻ ነው፤ ከረሜላውን ወደ ሳህን ሲያስቀምጡ የሣሉት ላይ አልታየም። ስለ ከረሜላ ማሰባቸውም ለአይብ ያላቸውን ፍላጎት አልቀነሰውም። ሁለቱ ግኝቶች የሚታረቁት እንዲህ ይመስለኛል፦ አምሮትን የሚያባብሰው ያልተጀመረውን ድግስ ማየት ሲሆን፣ የሚያበርደው ደግሞ ድግሱን በሐሳብ እስከ መሰልቸት ድረስ መጨረስ ነው።

ትግሉ ለምን አቅም ያሳጣል?

አብዛኛው ሰው አምሮት ሲመጣበት የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ሐሳቡን ማባረር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ባዘዘ ጊዜ ድቡ ከሐሳባቸው ሊጠፋላቸው አልቻለም፤ ክልከላው ሲነሣ ደግሞ ከመጀመሪያው ማሰብ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። አንድን ሐሳብ ለማባረር በየጊዜው መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ፍተሻው ራሱ ሐሳቡን ይጠራዋል። ስለዚህ አምሮቱን በስሙ ጠርቶ «አሁን ጣፋጭ ነገር አምሮኛል» ብሎ መመልከት፣ በሰውነት ውስጥ የት እንደሚሰማ ማስተዋልና እስኪያልፍ መጠበቅ ከትግሉ ይሻላል። በሱስ ሕክምና የታወቁት አለን ማርላት ይህን ዘዴ ማዕበል ላይ ከመንሳፈፍ ጋር አመሳስለውታል፤ ማዕበል ይነሣል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያም ይወርዳል። አምሮት ካልተመገበ በስተቀር እያደገ ብቻ ይሄዳል የሚለው ፍርሃታችን ልክ አይደለም።

ሁለተኛው የተለመደ እርምጃ ጥብቅ ክልከላ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በቂ ምግብ አለማግኘት አንድ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በጣም ቀንሶ አጥንቷቸው ነበር። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ሲያጡ ወሬያቸው፣ ሕልማቸውና ንባባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ስለ ማብሰል ግድ ያልነበራቸው የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። እንዲህ ያለው አባዜ የፈቃድ ድክመት ሊባል አይችልም፤ የተራበ አንጎል ሥራ ነው። ቀን ላይ ምግብ እየዘለለ ማታ በአምሮት የሚሸነፍ ሰው የዚህን ታሪክ ትንሽ ቅጂ እየኖረ ሊሆን ይችላል፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ቁርስና ምሳ ነው።

በቂ እየበሉ አንድን የተለየ ምግብ መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ለጥቂት ቀናት ወይም ለሳምንት ሲተውት አምሮቱ ይብሳል፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡትም እዚህ ላይ ነው። ለወራት የዘለቁ ክብደት የመቀነሻ ጥናቶች ግን የተተወው ምግብ አምሮት ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ምልክቱ እየመጣ ምግቡ ሳይከተለው ሲቀር፣ በሹልትስ ሙከራ እንዳየነው፣ አንጎል ትንበያውን ማረም ይጀምራልና። ይህ ትምህርት በአዲስ ቦታና በአዲስ ስሜት ውስጥ በቀላሉ እንደሚዘነጋ ማወቅ ይጠቅማል፤ አምሮቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ድንገት ቢመለስ የተለፋበት ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

ይህን መንገድ የማይፈልግ ሰው ምግቡን ከአምሮቱ ሰዓት ነጥሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። ለምሳሌ የሚወደውን ጣፋጭ በአምሮቱ ጊዜ፣ በባዶ ሆዱ፣ በስልኩ ላይ አፍጥጦ ከመብላት ይልቅ ከምሳ በኋላ በሳህን አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ጣዕሙን እያስተዋለ ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ምግቡ የአምሮት ሽልማት መሆኑ ይቀርና የማዕዱ ክፍል ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። በእኔ ግምት አንድ ጉርሻ ቀምሶ ማቆም የሚቸገር ሰው የመጀመሪያውን፣ ክልከላ ሲሰማ የሚያምፅ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን መሞከር ይኖርበታል።

አምሮት ከመምጣቱ በፊት

በአምሮት መካከል ሆኖ ጥበበኛ መሆን ከባድ ስለሆነ ዋናው ሥራ የሚሠራው አስቀድሞ ነው። እንቅልፍ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 12 ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ ሲያሳድራቸው፣ ለ10 ሰዓት ካሳደራቸው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር የግሬሊናቸው መጠን በ28 በመቶ ከፍ፣ የሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ የበለጠ የጓጉትም ለጣፋጭና ለጨዋማ ምግቦች ነበር። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ በእንቅልፍ እጦት ማግስት የሚያምረውን ለሚያስታውስ ሰው ግን ውጤቱ እንግዳ አይሆንበትም። ውጥረትም እንደዚሁ ብዙዎችን ወደ ጣፋጭና ቅባታማ ምግብ ይገፋል።

በቤት ውስጥ የሚቀመጠው ምግብም ይወስናል። ኬቨን ሆል በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ 20 ሰዎችን አስተኝቶ፣ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦችን፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበሩትን ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ አደረገ። የቀረቡት ምግቦች በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በጨው ተመጣጣኝ ነበሩ። በ2019 በታተመው ውጤት መሠረት ሰዎቹ በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በልተዋል። እንዲህ ያሉ ምግቦች በቀላሉ ይዋጣሉና የጥጋብ ምልክት ሳይደርስ ብዙ ይበላል። ስለዚህ የሚያሸንፈንን ምግብ ከዓይን ማራቅ፣ ከተቻለም ቤት አለማስገባት፣ በየምሽቱ ከራስ ጋር ከመፋለም እጅግ ይቀላል። የታወቀ አደገኛ ሰዓት ያለው ሰው ደግሞ «ከእራት በኋላ ጣፋጭ ሲያምረኝ ወጥቼ እመላለሳለሁ» እንደሚል ዓይነት፣ ሁኔታውንና የሚወስደውን እርምጃ ያጣመረ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ቢይዝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እጠነቀቃለሁ» ከሚለው ደፈናዊ ውሳኔ የተሻለ ይጠቅመዋል።

አንዳንድ አምሮቶች ግን ራስን በመግዛት ዘዴ ሳይሆን በሕክምና መታየት አለባቸው። በረዶ፣ አፈር ወይም ሌላ ምግብ ያልሆነ ነገር ደጋግሞ የሚያምረው ሰው የደምና የብረት ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል፤ የበረዶ አምሮት ብዙ ጊዜ የብረት ሕክምና ሲጀመር ይጠፋል። ከድካም፣ ከማዞርና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ብርቱ የጨው ፍላጎት የአድሬናል ዕጢ ችግር ምልክት ሊሆን ይችላል። እንደ ኮርቲዞን ያሉ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎትን ስለሚጨምሩ፣ ለውጡ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ከመጣ ይህንኑ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ሊታለፍ የማይገባው፣ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ምግብ መብላት፣ ከዚያም ኀፍረትና ጸጸት ሲከተለው ነው። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት ከቀጠለ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። የሚታከም ሕመም ነው፤ በንግግር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምና ጥሩ ውጤት አለው። ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው መቼ፣ የትና በምን ስሜት ውስጥ ሆኖ እንደሚበላ ለአንድ ሁለት ሳምንት መዝግቦ ቢይዝ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹን ይመልስለታል።